አራተኛው እግር

ድንጋዩ ወርዷል።

ኢንስፔክተር አፍንጫዋን የገንዳው መስታወት ላይ አጣብቃ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ደግማ አየችው። ዓርብ ከመውጣቷ በፊት መስታወቱ ላይ በቀይ ማርከር ያሰመረቻት አጭር መስመር አለች፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የድንጋዩ የግራ ጫፍ ግን ከመስመሯ አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ቅዳሜና እሑድ የሳይንስ ክፍሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አልሞላም፤ ቁልፉን ከመምህሯ ተቀብላ በሩን የከፈተችውም ራሷ ናት።

«ሰው ገብቷል» አለች፣ የሚሰማት ባይኖርም።

«ኢንስፔክተር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ስሙ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏታል። የጥርስ ሳሙናው ከወገቡ ተጨምቆ ካገኘችው፣ ማን እንደጨመቀው ሳታጣራ ቁርስ አትበላም። እስክሪብቶ የተዋሳት ሰው ሲመልስላት ቀለሙን ወደ ብርሃን አንስታ ስንት እንደጎደለ ታያለች። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ» ይላታል ወንድሟ፣ «አንቺ ግን ሳትሰርቂ ነው ሰው የማታምኚው!» እሷም መልስ አይጠፋትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለዋለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ የትምህርት ቤቱ የባሕር ገንዳ ክበብ ኃላፊ ናት፤ ኃላፊነቱን ደግሞ እንደ ዋዛ የምታየው ነገር አይደለም።

ገንዳው ተኝቶ ከሚለካ ረጅም ሰው ይበልጣል። ጨዋማ ውኃውን የክበቡ ልጆች ራሳቸው በባልዲ እየበጠበጡ ነው የሞሉት። መካከል ላይ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ባለ ቀዳዳ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ በድንጋዩ አናት ላይ ደግሞ ብርቱካንማ ኮራል። ለማያውቅ ሰው ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚበላና የሚያድግ እንስሳ ነው። የባዮሎጂ መምህሯ ኮራሉን ያመጣችው አውራ ጣት ሲያክል ነበር። ሁለት ዓመት አሳድጋው አሁን የሰው ጭንቅላት አክሏል።

ድንጋዩ አሸዋው ላይ አልተቀመጠም። ይህ የክበቡ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ድንጋይ አሸዋ ላይ ከተጫነ በሥሩ ውኃ አያልፍም፤ ቆሻሻው እዚያው ይጠራቀምና ይሸታል። ደግሞም አሸዋ የሚቆፍር ፍጥረት ካለ፣ ከሥር ከሥር እየቦረቦረ አንድ ቀን ድንጋዩን ይንደዋል። ስለዚህ ከነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አራት እግር ተቆርጦለታል። የድንጋዩ ሆድ ወጣ ገባ ስለሆነ እያንዳንዱ እግር የየራሱ ልክ አለው። እግሮቹ እንደ ሊጥ በሚለወስ ማጣበቂያ ከድንጋዩ ጋር ተያይዘው፣ ባዶው የመስታወት ወለል ላይ ይቆማሉ። አሸዋው የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ በዙሪያቸው ነው። አሸዋው ቢነሳ ቢወድቅ ድንጋዩ ጉዳዩ አይደለም።

ሥራውን የሠሩት ኢንስፔክተርና የልብ ጓደኛዋ ሳቂታ ናቸው፤ ከአራት ወር በፊት። በገንዳው ደብተር ላይ የእያንዳንዱ እግር ልክ ተጽፏል፤ ከሥሩም «አራቱም እግሮች መስታወት ላይ መቆማቸው ተረጋግጧል» ይላል፤ የኢንስፔክተር ፊርማ አለበት። መስታወት ላይ የቆመ ድንጋይ ደግሞ በራሱ ጊዜ አይወርድም። ሰው ካልነካው በቀር።

«እንዴት አደርሽ፣ ወይስ በሕግ ተይዣለሁ?» እያለች ሳቂታ ገባች። ሳቂታ ከመድረሷ አሥር እርምጃ ቀድሞ ሳቋ ይደርሳል።

«ወርዷል» አለቻት ኢንስፔክተር፣ ዞር ሳትል።

ሳቁ ቀጥ አለ። «ምኑ?»

«ድንጋዩ ነዋ! በግራ፣ ከኋላ በኩል። አንድ ጣት።»

ሳቂታ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «ምናልባት መስመሯን ስታሰምሪ ተሳስተሽ ይሆናል።»

«እኔ?»

«አቦ እሺ፣ አንቺ አትሳሳቺም።»

«ማን የነካው ይመስልሻል?»

ሳቂታ ገንዳውን አየች፣ በሩን አየች። «እኔ እንጃ... ያ ዝምታ እዚህ አይጠፋም አይደል?» አለች።

ኢንስፔክተር ደስ አላት። ስትጠረጥር ሁልጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ አሁን ሁለት ሆኑ። ዝምታ የተባለው በዚህ መንፈቅ ወደ ክፍላቸው የመጣው ልጅ ነው፤ በቀን ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም። የክበቡ አባል አይደለም። ቢሆንም ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ በየዕረፍቱ ከገንዳው ፊት አይጠፋም። አባቱ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው፤ የሳይንስ ክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ የሚቀመጠው ደግሞ በጥበቃው ክፍል ነው። ኢንስፔክተር በጣቷ ቆጠረች። ድንጋዩ ዘመም ማለቱን መጀመሪያ ያየችው መቼ ነበር? የዛሬ ሦስት ሳምንት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። መምህሯ ጣት የምታክል አዲስ ዓሣ አምጥታ ገንዳው ውስጥ ለቃለች። ዓሣዋ ቀኑን ሙሉ በአፏ አሸዋ እየዘገነች ወዲያ ወስዳ ትተፋለች፤ ትመለሳለች፤ ደግማ ትዘግናለች። ልጆቹ «ዶዘር» ብለዋት ስቀዋል። ኢንስፔክተርም ስቃለች። የምትጠረጥረው ግን ሁልጊዜ ሰው ስለሆነ ዶዘርን ከቁጥር አላስገባቻትም።

ማክሰኞ ገና በአንድ ሰዓት ትምህርት ቤት ደረሰች። በሩ ላይ የዝምታ አባት ቆቡን ነካ አድርጎ «ደህና አደርሽ ልጄ፣ ዛሬ ወፍ ቀደምሻት» አላት። አንገቷን ብቻ ሰበር አድርጋ አለፈች። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ከመጻሕፍት ቁም ሳጥኑ ጀርባ ተለጥፋ ጠበቀች። እግሯ ደነዘዘ፤ አፍንጫዋን አቧራ አሳከካት፤ ግን ንቅንቅ አላለችም።

የሳይንስ ክፍሉ በር በቀስታ ተከፈተ። ዝምታ ወጣ። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ ርሶ ይንጠባጠባል።

«ቁም!» ብላ ወጣች።

ልጁ ክው አለ።

«እጅህን ምን ነካው?»

«ታጠብኩ።»

«አንዱን ብቻ?»

ልጁ እጅጌውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ገንዳውን ነክተሃል?»

«አልነካሁም» አለ ጫማውን እያየ። ከዚያ ቀና አለ፤ ቃላቱን ከሩቅ የሚያመጣቸው ይመስል ነበር። «ዓሣዋ ናት... ከኋላ በኩል አሸዋውን...»

«ዓሣ ድንጋይ ገፋች ልትለኝ ነው? ጣት የምታክል ዓሣ? ድንጋዩ እኮ እግር አለው፤ መስታወት ላይ ነው የቆመው! አትሸውደኝ!»

ልጁ ሊናገር የጀመረውን ዋጠው። አንገቱን አቀርቅሮ በደረጃው ወረደ።

ከሄደ በኋላ ኢንስፔክተር ቁጢጥ አለች። ወለሉ ላይ ከእጅጌው የተንጠባጠበ ውኃ አለ። በጣቷ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ አስቀመጠችው። ጨው! የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጨው አያወጣም። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አለች በልቧ፤ ደስታዋ ራሷንም ትንሽ አሳፍሯታል፣ ግን ደስታ ነው።

መምህሯ ጉዳዩን ስትሰማ አልተደሰተችም። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ቲቸር። ቀምሼዋለሁም።»

«ቀመስሽው?» አለች መምህሯ። ከዚያ ተነፈሰች። «አባቱ በሩን ከፍቶለታል ማለት ነው። ይሄ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ጥበቃ ለማንም ተማሪ ክፍል እንዳይከፍት ተብሏል። ነገሩ ዳይሬክተሩ ጋ ከደረሰ...» አልጨረሰችውም። «እስኪ ለነገ አቆዪው። መጀመሪያ ልጁን አናግረዋለሁ።»

ለነገ የቆየ ነገር ግን አልነበረም። ረቡዕ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሯ ስለ ቅጠል እያስተማረች ሳለ፣ ከክፍሉ ጥግ «ግው!» የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ። አርባ ልጅ ባንዴ ዞረ። ገንዳው ውስጥ ውኃው ደፍርሷል። ድንጋዩ ወደ ኋላ ወደ ግራ ተንጋዶ መስታወቱን ተደግፏል፤ መስታወቱ አለመሰንጠቁ ተአምር ነው። ብርቱካንማው ኮራል ግን ሦስት ቦታ ተሰብሮ አሸዋው ላይ ወድቋል።

መምህሯ ጠመኔዋን አስቀምጣ ሄደች። እጇን ጓንት አልብሳ ስብርባሪውን አንድ በአንድ እያነሳች ትንሽ ባልዲ ውስጥ አደረገችው። አላለቀሰችም። ኢንስፔክተር ግን ጀርባዋን አይታ ሆዷ ባባ፤ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ በዝምታ ላይ የተሰማት ንዴት እውነተኛ ነበር። ዞር ብላ ስታየው ልጁ ገንዳውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው።

«ድንጋዩን ማንም እንዳይነካው» አለች መምህሯ። «ውኃው ይጥራ። ዓርብ ራሴ አወጣዋለሁ።»

በዕረፍት ሰዓት ወሬው ግቢውን ሞላው። ኢንስፔክተር ማክሰኞ ያየችውን ለሳቂታ ብቻ ነበር የነገረቻት፤ ለሳቂታ መንገር ደግሞ በማይክሮፎን እንደመናገር ነው። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ገንዳውን አየ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንዴ ዞረውና ወጣ።

ሐሙስ የዝምታ ወንበር ባዶውን ዋለ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ኢንስፔክተር በዳይሬክተሩ ቢሮ በኩል ስታልፍ አባቱን አየችው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሥራ ሊሰናበት ነው፣ ይላሉ ልጆቹ። አባትየው ከሄደ ልጁም ይሄዳል፤ እዚህ የሚማረው የጥበቃው ልጅ ስለሆነ ነው።

«ደህና አደርሽ ልጄ?» አላት፣ እንደ ወትሮው።

ኢንስፔክተር እርምጃዋን ገታች። ለምንድን ነው ሰላም ያለኝ? ማን እንደተናገረ አያውቅም? ወይስ እያወቀ ነው? ሰላምታውን እንኳን ገልብጣ ከሥሩ የምታየው ነገር ፈለገች። ምንም አልነበረውም፤ ሰላምታ ብቻ ነበር። ሳትመልስለት ወደ ሳይንስ ክፍሉ አለፈች።

ማስረጃ ያስፈልገኛል አለች። ልጁ እዚያ ውስጥ ያደረገው ነገር ካለ ይገኛል፤ ከተገኘ ደግሞ ሰውዬው ሰላም ቢላት ባይላት የሚቆረቁራት ነገር አይኖርም። ክፍሉ ክፍት ነበር፤ መምህሯ የለችም። ብቻውን እጁን ገንዳ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከክበቡ ይባረራል የሚለውን ሕግ ያወጣችው ኢንስፔክተር ራሷ ናት። ሆኖም እጅጌዋን ጠቀለለች። የገንዳውን ደብተር አጠገቧ ዘረጋች፤ የፕላስቲክ ማስመሪያዋን በጥርሷ ያዘች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ውኃው ውስጥ አስገባች።

ከኋላ በግራ በኩል፣ ድንጋዩ በተንጋደደበት፣ ጣቷ ጠፍጣፋ ነገር አገኘ። ይዛ አወጣችው። የግቢ ድንጋይ ነበር፤ ጠጠር ከተደፋበት ከበሩ አጠገብ የሚለቀም ዓይነት። ይኸው! በእጁ ያስገባው!

ከዚያ ድንጋዩን በእጇ ገለባበጠችው። በአንዱ ፊት ላይ ክብ ጭረት አለ፤ የቱቦ አፍ የሚያክል። እግሩ እላዩ ላይ ቆሞበት ነበር ማለት ነው። ሊጥል የፈለገ ሰው ድጋፍ ያደርጋል? ድንጋዩን ለመጣል መግፋት ይበቃል፤ ከሥር ጠፍጣፋ ነገር የሚሸጎጠው እንዳይወድቅ ነው። ልጁ ጠፍጣፋውን ድንጋይ የሸጎጠው አሸዋው ላይ ነበር፤ ዶዘር ደግሞ ከእሱም ሥር ቆፍራለች።

ግን እግሩ ለምን ድጋፍ አስፈለገው? መስታወት ላይ አይደለም እንዴ የቆመው?

እንደገና ክንዷን አስገባች። የፊት ቀኝ እግሩን በማስመሪያ ለካች፤ ከደብተሩ ጋር ልክ ነው። የፊት ግራውም ልክ ነው። የኋላ ቀኙም ልክ ነው። የኋላ ግራው አሥር ሴንቲ ሜትር ሆነ። ደብተሩ አሥራ ሁለት ይላል። ተሳሳትኩ ብላ ደግማ ለካች። ሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ጣቶቿ በቅዝቃዜ ደንዝዘው ነበር፤ ቁጥሩ ግን ያው አሥር ነው።

የፊት ሁለቱንና የኋላ ቀኙን የቆረጠችው እሷ ናት። የኋላ ግራውን ሳቂታ።

ያ ቀን መጣባት። ደወል ሊደወል ነበር፤ መምህሯ ሳትመለስ ጨርሰው ሊያስደንቋት ፈልገው ነበር። ኢንስፔክተር በእያንዳንዱ እግር ሥር ቀጭን ወረቀት ለማሾለክ እየሞከረች ታረጋግጥ ነበር፤ ወረቀቱ እምቢ ካለ እግሩ መስታወቱን ነክቷል ማለት ነው። ሦስቱን አየች። ወደ አራተኛው ስትዞር አሸዋ ተደርጎበታል። «የኔን አይቼዋለሁ፣ ነክቷል» አለቻት ሳቂታ። እሷም «አራቱም» ብላ ጽፋ ፈረመች። በዓለም ላይ ሳታጣራ የምታምነው አንድ ሰው ቢኖር ያ ሰው ነበር።

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሳቂታ በሩ ላይ ቆማለች። ደብተሩን አየች፣ ማስመሪያውን አየች፣ የኢንስፔክተርን እርጥብ ክንድ አየች። አልሳቀችም። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«አሥር ነው» አለች ኢንስፔክተር ከወንበሩ እየወረደች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ስቆርጠው ነው ያወቅሁት። መጋዙ ሸሸብኝ፣ አጠረ። ሌላ ቱቦ አልነበረም። ከሥሩ አሸዋ ጠቅጥቄ አቆምኩት።» ጣቷን ወደ ገንዳው ቀሰረች። «ቆመ እኮ! ዶዘር እስክትመጣ ምንም አልሆነም።»

«ሰኞ ምን አልሽኝ? "ዝምታ እዚህ አይጠፋም" አላልሽኝም?»

«ማን ይመስልሻል ብለሽ አፍጥጠሽ ስታዪኝ ምን ልበል? እኔ ነኝ ልበልሽ?»

«አዎ! ለምን አልነገርሽኝም? ጓደኛሽ አይደለሁም?»

«ላንቺ?» አለች ሳቂታ፤ እንባዋ መጣ። «ላንቺ ማን ምን ይነግራል? ሰው አፉን ሳይከፍት ትፈርጂያለሽ። እርሳስሽን ብሰብር እንኳ ሁለት ቀን ነው የምትመረምሪኝ። ያን ዕለት "አንዴ ነው የሚቆረጠው፣ ሁለቴ ለኪ" እያልሽ ራሴ ላይ ቆመሽ ነበር። እጄ የተንቀጠቀጠው ለምን ይመስልሻል?»

ኢንስፔክተርን አመማት፤ ማመሙን ሳቂታ እንዳታይባት ደብተሩን እያየች ቆየች።

ሳቂታ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመጻሕፍቱ መካከል ነጭ ቱቦ አወጣች። «ይኸው። አሥራ ሁለት ነው፤ አሥር ጊዜ ለክቼዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ተሸክሜው እየዞርኩ ነው። አሁን እንቀይረው። እኔ ድንጋዩን ቀና አደርጋለሁ፣ አንቺ ትሸጉጪያለሽ። ማጣበቂያም ይዣለሁ። ዓርብ ቲቸር ስታወጣው ሁሉም ልክ ይሆናል።»

«ዝምታስ?»

«እሱማ...» ሳቂታ ቱቦውን በእጇ አሽከረከረች። «እጁን አስገብቷል አይደል? አባቱም በሩን ከፍቷል። እኛ አልዋሸንም።»

እውነት ነው፤ ይህ ደግሞ ነበር ክፉው ነገር። ኢንስፔክተር ከተናገረችው ውስጥ ሐሰት የለም። እጅጌው ርሷል፣ ውኃው ጨው ነበር፣ በሩ ተከፍቷል። ሁሉንም በዓይኗ አይታ፣ በምላሷ ቀምሳ፣ ልጁን ግን አላየችውም። በቀን ሦስት ቃል የሚናገር ልጅ ለእሷ ከዚያ በላይ ሊናገር ሞክሮ ነበር፤ አፉን ያስዘጋችው እሷ ናት። አሁን ቱቦው ቢቀየር ደብተሩ ልክ ይሆናል፣ ፊርማዋ ልክ ይሆናል፣ ኃላፊነቷም ጓደኛዋም አብረዋት ይቆያሉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ደወል ሊደወል ነው» አለች ሳቂታ።

«አትንኪው።»

«ምን?»

«እንዳለ ይቆይ። ሰው ይየው።» ጠፍጣፋውን ድንጋይና ማስመሪያውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች።

«ልታሳብቂብኝ ነው?» ሳቂታ መንገዷን ዘጋች። «አራት ዓመት ጓደኛዬ ሆነሽ?»

«የራሴን ነው የምናገረው። ሦስት አይቼ አራት ብዬ ፈርሜያለሁ። ዓሣዋ ናት ሲለኝ አልሰማሁትም። በኔ ምክንያት ነው ሰውዬው እዚያ የተቀመጠው።»

«የኔንስ?»

«ያንቺን አልናገርም።»

«"እግሩን ማን ቆረጠው" ቢሉሽስ?»

«"ራሷ ትንገራችሁ" እላለሁ።»

ሳቂታ ቱቦውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ኢንስፔክተር ደግሞ ልትለምናት ፈልጋ ነበር፤ ነይ አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን እፈራለሁ ልትላት። እውነትም ፈርታ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ሳቂታ ራስ ላይ ቆማ እጇን አንቀጥቅጣለች። በጎኗ አልፋ በሩን ከፈተች።

ኮሪደሩ ረጅም ነበር። የዝምታ አባት አሁንም አግዳሚው ላይ ነው። ስትቀርብ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ የምትቀመጥ መስሎት ነበር።

«ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ልጄ፤ እኔንም ጠብቅ ብለውኛል» አላት። «የሚያስቸኩል ነገር ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «ስለ እርስዎና ስለ ልጅዎ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውዬው ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው፣ ቀና ብሎም አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ከኋላዋ የሳይንስ ክፍሉ በር ሲከፈት ተሰማት። የጫማ ድምፅ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ትንሽ ቆመ፤ እንደገና ተራመደ። ወደዚህ ይምጣ ወይም ወደ ደረጃው ይውረድ፣ ዞር ብትል በአንድ አፍታ ታውቀው ነበር። አልዞረችም። የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች።